ከካካዎው ሥር

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ጥርስ የሚያበላሽ ነገር። ይህን ቀልድ ባልደረቦቼ እስኪሰለቻቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔ ግን አልሰለቸኝም። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ሥራዎች ያን ያህል አይራራቁም። በጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰም ሳቀልጥ ኖሬያለሁ። ሰም ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ከተጣደፉበት ደግሞ አረፋ ይይዛል። ቸኮሌትም ያው ነው፤ ልዩነቱ ቸኮሌት ቢበላሽም ይበላል።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጥቁር ቸኮሌት በትልቁ ቢላ እከትፋለሁ። ክሬሙን አሞቀዋለሁ እንጂ እንዲፈላ አልፈቅድለትም፤ ዳር ዳሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲያወጣ አወርደዋለሁ። ቸኮሌቱ ላይ አፈስሰውና ክዳን ደፍቼ እተወዋለሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ያማስለዋል። እኔ ዕቃዬን አጥቤ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ትንሽ ዘርግቼ ነው የምመለሰው። ከመሃል ጀምሬ ቀስ እያልኩ ሳማስለው መጀመሪያ የተበላሸ ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት መስተዋት የመሰለ ይሆናል። ትንሽ ቅቤ፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ ከዚያ ፍሪጅ።

ቅዳሜ ጠዋት እጄን በበረዶ ውሃ ነክሬ አደርቅና፣ በሻይ ማንኪያ እየቆነጠርኩ በመዳፌ አድቦለቡለዋለሁ። ይህን የቸኮሌት ድቡልቡል ትራፍል ይሉታል፤ ሰው ሁሉ ካካዎ ዱቄት ውስጥ ያንከባልለዋል። እኔ አላደርገውም። በቀለጠ ቸኮሌት ስስ ልብስ አለብሰውና፣ ልብሱ ሳይደርቅ የግራ አውራ ጣቴን አናቱ ላይ ጫን አደርገዋለሁ። ሲደርቅ የጣቴ አሻራ እዚያው ይቀራል።

ጣቴን የማትመው ለእናቴ ነበር። የሚገባችሁ ከመጀመሪያው ብነግራችሁ ነው።

አባታችን የታመመ ጊዜ ሐኪሙ እኔንና ታናሽ እህቴን አስቀምጦ «ከሁለት ወር አያልፍም» አለን። እህቴን ሚጣ ነው የምንላት፤ ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ዛሬም ሚጣ ናት። ለእናታችን እንዳንነግራት ተስማማን። ተስማማን ነው ያልኩት፤ ሁለታችንም። እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣችው ሚጣ ነበረች። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ «ሲሻለው ሳሎኑን እንቀባዋለን» እያለች የቀለም ናሙና ግድግዳው ላይ ስትለጥፍ ነበር። እውነቱን የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

«ለመሰናበት እንኳ አላበቃችሁኝም» አለች።

ሚጣ ማልቀስ ጀመረች። ሚጣ ስታለቅስ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አይኖርም። አንጀቴ አልችል አለና «እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ እሷ አታውቅም» አልኩ። እናቴ አፍጥጣ አየችኝ።

«ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» አለችኝ።

እኔስ ከማን ላንስ? እልኼ የእሷው ነው፤ ካልጠራችኝ አልሄድም አልኩ። ከሳምንት በኋላ ግን ቆጨኝ። ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደብዳቤ ጽፌ በሚጣ ላኩላት፤ «ሳታነበው ቀደደችው» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ትራፍሉን ያሰብኩት። እናቴ ቸኮሌት ላይ ሕፃን ናት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ መሃል እየደበቀች፣ እኛም እየሰረቅናት ነው ያደግነው። ደብዳቤ ብትቀድ ቸኮሌት አትጥልም።

ጣቴን ደግሞ ከእኔ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት። ሰባት ዓመቴ ሳለ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ልከፍት ስታገል ክዳኑ የግራ አውራ ጣቴን ሆድ በሰያፍ ሰነጠቀው። እናቴ ጣቴን በመዳፏ ጨብጣ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ነርሷ «አሁን ይልቀቁት» እስክትላት አልለቀቀችውም። ጠባሳው ዛሬም አሻራዬን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ሆዷ የባባ ቀን ሁሉ እጄን ትስብና ያችን ጠባሳ ታሻሻታለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትራፍል ላይ ጣቴን ሳትም፣ ይቅርታ እየጠየቅኳት ነበር። ሌላ የምልበት መንገድ አልነበረኝም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚጣ መጥታ ሣጥኑን ትወስዳለች። ማታ እደውልላታለሁ።

«እሺ?»

«በላች።»

«ከዚያስ?»

«ዝም አለች።»

«ጣቴን አየችው?»

«አይታዋለች እታለም። አይታ ዝም አለች። እኔ ምን ላድርግሽ?»

እውነቷን ነው፣ እሷ ምን ታድርገኝ እል ነበር። እንዲያውም በየሳምንቱ መመላለሷ ያሳዝነኝ ነበር። ከሥራ ከተቀነሰች ወዲህ ፊቷ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ ወርዶ ስለነበር ለእሷም ለብቻዋ ትንሽ አስቋጥራት ነበር። የእናቴን ዝምታ ደግሞ በበጎ መተርጎም ለመድኩ። አልወረወረችውም፤ በላችው። አንድ ቅዳሜ ትጠራኛለች ብዬ ለብሼ ስልኬን ሳልጠብቅ አልውልም ነበር።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ የእናቴ ጎረቤት ላቦራቶሪያችን መጡ። ከእናቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ሴትዮ ናቸው። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው አልገጥም ብሏቸው ምድር ቤት ያለው የጥርስ ሐኪም ነው ወደ እኔ የላካቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ የምትሠሪው? በይ ልጄ፣ እባክሽ ቶሎ አድርጊልኝ። ይኸው አንድ ወር ሙሉ በሾርባና በእህትሽ ቸኮሌት ነው ያለሁት።»

«በእህቴ ቸኮሌት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ በሚጣ! አፍ ውስጥ ሲገባ እኮ ብን ነው የሚለው፣ ጥርስ አይፈልግም። እናትሽ ለሰው አትሰጥም፤ እኔ ተለማምጬ ነው።» ቦርሳቸውን ከፍተው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «እንቺ፣ ቅመሺ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ ሠርታ ታመጣላታለች። እጇ ይባረክ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ግን ምን ነካሽ? እናትሽን ‹ትልቋስ?› ብላት ‹እሷማ ረሳችኝ› አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩብሽ።»

መሐረቡ ላይ ሁለት ትራፍል ነበር። ሁለቱም ካካዎ ለብሰዋል። ካካዎ እኔ አልጠቀምም። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ሚጣ የራሷን እየሠራች ነው ማለት ነው፣ የእኔ ሌላ ነው ብዬ። ሰው ሊታለል ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ጠረጴዛዬ ላይ የጄሶ ብናኝ የምጠርግባት ለስላሳ ብሩሽ አለች። አንዱን አንሥቼ አናቱን በእሷ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። የሰው አፍ የጣለውን ምልክት ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ይሄኛው ግን ምንም ማንበብ አላስፈለገውም። ከካካዎው ሥር የእኔ አውራ ጣት ወጣ። ጠባሳው በሰያፍ ለሁለት ከፍሎታል።

ክው አልኩ። ሴትዮዋ ምን ሆንሽ እያሉ ይጠይቁኛል። ጥርሳቸውን አስተካክዬ ሰጠኋቸው፤ እንዴት እንዳስተካከልኩት እግዜር ይወቅ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ጋዋኔን አውልቄ አለቃዬን «አሞኛል» አልኩት። አልዋሸሁትም።

መንገድ ላይ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንፊት ገዝታለች። ካካዎ ገዝታለች። ከእኔ ቤት ወጥታ እናቴ ቤት እስክትደርስ ባለው ጊዜ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ጣቴን አንድ በአንድ ስትሸፍን ነበር። ያውም ሳትሰለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ።

እናቴ በሩን ስትከፍት ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቶ አገኘሁት። ያን ማንም አልነገረኝም።

«ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?» አለች። ግን ከበሩ ዞር አለችልኝ።

ሳሎኑ እንደ ነበረ ነው። ግድግዳው አልተቀባም፤ የቀለሙ ናሙናዎች አሁንም በየቦታው ተለጥፈዋል፣ ጠርዛቸው ተቆልምሟል። ጠረጴዛው ላይ ሣጥኔ አለ። ስድስት ትራፍል ቀርተዋል።

«እህትሽ ናት የሠራችልኝ» አለች፣ ዓይኔን ተከትላ። «እሷ እንኳ ሥራ አጥታ፣ ሆዷ ባብቶ፣ አንድ ቅዳሜ አልቀረችብኝም። አንቺ ግን ያኔ አንዴ ደውለሽ ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ…»

ብሩሿን በቀሚሴ ኪስ ይዣት መጥቻለሁ። አንዱን ትራፍል አንሥቼ ጠረግኩት፣ ሁለተኛውን ጠረግኩት፣ ስድስቱንም ጠርጌ ፊቷ ደረደርኳቸው። ከዚያ የግራ እጄን ጎናቸው ዘረጋሁ።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። አንዱን አነሣች፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከዚያ ጣቴን ያዘች። እንደ ድሮው አላሻሸችውም፤ ዝም ብላ ያዘችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እጇ መቼ እንዲህ ጎበዘ እያልኩ እገረም ነበር። ይቺ ልጅ እኮ እንቁላል እንኳ አሳርራ ነው የምትጠብሰው።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ።

«ደብዳቤዬንስ ለምን ቀደድሽው?» አልኳት።

«የምን ደብዳቤ?»

ተያየን። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

«አምና ወገቤን አሞኝ የተኛሁ ጊዜ ‹እህትሽን በቃ ትምጣ በያት› ብዬ ልኬብሽ ነበር» አለች። «‹ሥራ በዝቶብኛል አለች› አለችኝ። ሁለተኛም ላክሁ። ‹መልስ አልሰጠችም› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተውኩት።»

ደሜ ፈላ። እኔ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ አንዳችን ሌላችንን እየጠበቅን፣ መሃላችን ሚጣ በወንፊቷ ቆማ። ስልኬን አወጣሁ።

«ለማን ነው?»

«ለሚጣ። ትምጣና ዓይናችንን እያየች ትናገር።»

እናቴ እጇን ስልኬ ላይ አሳረፈች።

«ተይ አትንገሪያት» አለች።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «ምን?»

«እንዳወቅን አትንገሪያት። ሥራዋን ካጣች ወዲህ ይህን በር ቀና ብላ የምትገባው ያቺን ሣጥን ይዛ ስትመጣ ብቻ ነው። ‹ጣፈጠሽ?› ስትለኝ ፊቷን ብታይው! ያቺን ከወሰድንባት ምን ይቀራታል? ዳግመኛ እግሯን አታነሣም። አውቃታለሁ።» ከዚያ የምፈራውን አለች፦ «እንደ ልማድሽ ሥሪላት። ለእኔ ስትዪ።»

«እማዬ» አልኩ። «እውነት ደበቅሽኝ ብለሽ አይደለም እንዴ ከዚህ ቤት ያባረርሽኝ? አባዬ እየሞተ መሆኑን የደበቅኩሽ እንዳትሰበሪ ብዬ ነበር። አሁን አንቺው ደብቂ ትይኛለሽ?»

«አዎ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ። «ያንቺ ምክንያት ያኔ አልገባኝም ነበር።»

«እኔስ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

እናቴ ጣቴን ማሻሸት ጀመረች። ሁለት ዓመት የናፈቅኩትን ነገር፣ በዚያች ሰዓት።

«አንቺ ትችያለሽ» አለች። «አንቺ ሁሌም ቻይ ነሽ።»

የሚጣ ተንኮል አንጀቴን አቃጥሎት ነበር፤ ይቺ ቃል ግን ገደለችኝ። ሚጣ ሁለት ዓመት የሰረቀችኝን እናቴ በአንድ ቃል መርቃ ሰጠቻት። እጄን ከእጇ ስቤ ተነሣሁ። እሺም እምቢም ሳልላት ወጣሁ።

ዓርብ ቸኮሌቱን ከተፍኩ። ለምን እንደከተፍኩት አትጠይቁኝ፤ እጄ ለምዶታል። ክሬሙን ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ሆኖ አፈላሁት፣ ደፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት አድቦለቦልኩ፣ አለበስኩ፣ እንደ ልማዴ ጣቴን አተምኩ። ሲደርቅ ማጥለያዬን አወረድኩ። ሐሙስ ዕለት ካካዎ ገዝቼ ነበር።

ሚጣ በሰዓቷ መጣች። ጉንጬን ሳመችኝ። ዓይኗን በጨው አጥባ ማለት ይቺ ናት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስለ ሰፈሯ የውሃ ቧንቧ አወራችኝ። እኔ የሣጥኑን ክዳን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

አየችው። ስለ ቧንቧው የጀመረችውን አልጨረሰችም።

«ዛሬ… ካካዎ ነስንሰሽበታል» አለች።

«አዎ» አልኳት። «በየሳምንቱ እንዳትደክሚ ብዬ።»

ፊቷ ደም መሰለ፣ ከዚያ ደግሞ አመድ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አላለቀሰችም።

«የመጀመሪያው ቀን» አለች፣ በጭንቅ የምትሰማ ድምፅ አውጥታ፣ «ሳልናገር እማዬ መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ አንዱን አንሥታ ቀመሰችው። ‹አንቺ ነሽ የሠራሽው?› አለችኝ። እንዴት ብላ እንዳየችኝ ብታውቂ… እኔን በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። አዎ አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራታለሁ ብዬ ነበር።»

«ደብዳቤውስ?»

የሣጥኑን ጠርዝ በጣቷ ትጠርግ ጀመር።

«‹ትምጣ› ያለችውስ? ሁለት ጊዜ?»

«ብትመጪማ ታውቂ ነበር» አለች።

ይህን ስትል አየኋት። አልዋሸችም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያዋ እውነት ነበረች። አባታችን የሞተ ሰሞን ጥፋቱን ለብቻዬ የተሸከምኩላት፣ ትራፍል ያስቋጠርኳት፣ ትከሻዋ ወረደ ብዬ ያዘንኩላት እህቴ ናት። ብመታት ደስ ባለኝ። ሣጥኑን ዘግቼ ገፋ አደረግኩላት።

«ጣትሽስ?» አለች፣ ክዳኑን እያየች።

«ከሥር አለ» አልኳት። «እማዬም ታውቃለች። ሂጂ፣ ይቀልጥብሻል።»

አትወስደውም ብዬ ነበር። ወሰደችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። አሁን ስለ ቧንቧም ስለ ምንም አናወራም፤ በር ላይ እሰጣታለሁ፣ ትቀበለኛለች። እናቴ እንደምታውቅ ሚጣ ታውቃለች። ሚጣ እንደምታውቅ ደግሞ እናቴ ከእኔ ሰምታ ታውቃለች። ሁለቱም ዝም ተባብለው ይስማማሉ፤ የምሠራው እኔ ነኝ።

እናቴ ጋ ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን ነው የምሄደው፤ ቸኮሌት የምታመጣው ሚጣ ናት።

ባለፈው ረቡዕ ጎረቤቷ ሴትዮ እዚያ ተቀምጠው ነበር፤ እኔ በሠራሁላቸው ጥርስ ፈገግ ብለው ሣጥኑን ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ብዪ እንጂ፣ የእህትሽ እጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ እጄን ወደ ታች አየት አደረጉ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ለእናትሽ አንድ ነገር እንኳ አትይዢላትም? ከታናሽሽ ተማሪ እንጂ።»

እናቴን አየኋት። አንድ ቃል፣ ከእሷ አንድ ቃል ብቻ ጠበቅኩ።

እጇን ሰደደች፣ ከሣጥኑ አንዱን አነሣች፣ ካካዎውን ሳትጠርግ በላች። ዝም አለች።